የሆኪ ተጫዋችን የሙያ ታሪክ ከሰንጠረዥ ላይ እንዴት ማንበብ ይቻላል

የአንድ አይስ ሆኪ ተጫዋች ስም ጎግል ስታደርጉ መጀመሪያ ፎቶው ይመጣል፣ ቀጥሎ ረጅም ሰንጠረዥ። ሰምተናቸው የማናውቃቸው ከተሞች፣ በአህጽሮት የተጻፉ ሊጎች፣ ቁጥር በቁጥር ላይ። አብዛኛው ሰው በቀጥታ ታች ወርዶ ጠቅላላ ጎሉን ያይና ይዘጋዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን የምትኖሩና ክረምት በገባ ቁጥር የሥራ ባልደረቦቻችሁ ስለ ሆኪ ሲያወሩ ዝም የምትሉ ከሆነ፣ ይህን ሰንጠረዥ ማንበብ ከቻላችሁ ወሬው ውስጥ መግባት አያቅታችሁም። ሕጉን በሙሉ ማወቅ የግድ አይደለም።

ለመለማመጃ ዊሊ ኦሪን እንውሰድ። በኤን ኤች ኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካው ከፍተኛ የሆኪ ሊግ፣ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። የእሱ የኤን ኤች ኤል ጠቅላላ ድምር 45 ጨዋታ፣ 4 ጎል፣ 10 አሲስት (ለጎል የሚያበቃ ቅብብል) ይላል። በዚህ ብቻ ከፈረድን "ሞክሮ ያልተሳካለት" ብለን እናልፈዋለን። እስቲ ከላይ እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እርምጃ 1፦ ከቁጥሩ በፊት መግቢያውን አንብቡ

ከፎቶው ሥር የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ከተማና የሚጫወትበት ቦታ ይጻፋል። ኦሪ ጥቅምት አጋማሽ 1935 በካናዳዋ ፍሬድሪክተን ከተማ ተወለደ። ለቤቱ አሥራ ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። ቦታው የግራ ክንፍ። "የግራ ክንፍ" የምትለዋን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

የተወለደበትን ወርም አትዝለሉት። የሕጻናት ቡድኖች በዛሬው ጊዜ ዕድሜ የሚቆርጡት ጃንዋሪ 1 ላይ ነው። በጃንዋሪ የተወለደና በዲሴምበር የተወለደ ልጅ እኩያ ተብለው አብረው ይሰለፋሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ አሥራ አንድ ወር በቁመትም በጉልበትም ልዩነት ያመጣል። አሰልጣኙ ትልቁን ይመርጣል፣ የተመረጠው የበለጠ ይሰለጥናል። በዓመቱ መጨረሻ ተወልዶ እዚያ የደረሰ ተጫዋች ካያችሁ፣ ገና ከመነሻው ዳገት ወጥቷል ማለት ነው።

መግቢያው ላይ "ድራፍት" የሚል ካለ፣ ቡድኖች በየተራ ወጣቶችን ሲመርጡ የስንተኛ ዕጣ እንደደረሰው ይነግራችኋል። ዛሬ 7 ዙር፣ 32 ቡድን፣ 224 ስም ነው። ግን ብዙ አትመኑት። ፓቬል ዳትሱክ በ1998 የተመረጠው 171ኛ ሆኖ ነው። ማርቲን ሴን ሉዊን ደግሞ አጭር ነው ብለው ማንም አልመረጠውም፤ በ2004 ግን የሊጉ ኮከብ ተብሎ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አነሳ። የኦሪ ገጽ ላይ ድራፍት የለም። ያልተፈለገ ስለነበር እንዳይመስላችሁ፤ ድራፍት የተጀመረው በ1963 ነው።

እርምጃ 2፦ እያንዳንዱ ረድፍ የየትኛው ሊግ እንደሆነ ለዩ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ላይ አንድ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ ይዛወራል። ሆኪ ላይ ከዚያ ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ስለዚህ ረድፎቹን በሦስት ክፈሏቸው።

የመጀመሪያዎቹ የወጣት ሊግ ናቸው። ካናዳ ውስጥ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች ከቤተሰብ ርቀው፣ ሰው ቤት ተጠግተው፣ በአውቶቡስ እየተጓዙ የሚጫወቱበት። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎች በዩኒቨርሲቲ በኩል ይመጣሉ። እዚህ ላይ የሚታዩት የጎል ብዛቶች ዓይን ያታልላሉ። ወጣቶች ላይ 50 ጎል ያገባ ሁሉ አዋቂዎች ላይ አያገባም።

ቀጥሎ መካከለኛው፣ የአዋቂዎች ሁለተኛ ደረጃ ሊግ ነው። ዛሬ ዋናው ኤ ኤች ኤል ይባላል። ከላይ ደግሞ ኤን ኤች ኤል።

አንድ ወጥመድ አለ። የኦሪ ሰንጠረዥ ላይ ደብሊው ኤች ኤል የሚል ረድፍ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። በዚህ ስም ዛሬ ያለው የታዳጊዎች ሊግ ነው። ኦሪ የተጫወተበት ግን በ1974 የፈረሰ የአዋቂዎች ሊግ ነበር። ስሙን ብቻ ያየ ሰው፣ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ከልጆች ጋር ሲጫወት የኖረ ሊመስለው ይችላል።

እርምጃ 3፦ ያኔ ስንት ወንበር እንደነበረ ቁጠሩ

ኦሪ ጃንዋሪ 18, 1958 ለቦስተን ተሰልፎ ሞንትሪያል ላይ ሲጫወት ሊጉ ውስጥ የነበሩት ስድስት ቡድኖች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ሃያ ሰው ገደማ ቢይዝ፣ በጠቅላላው 120 ያህል የሥራ ቦታ ነበር ማለት ነው። ዛሬ 32 ቡድኖች እስከ 23 ተጫዋች ይይዛሉ። ስለዚህ የያኔውን 45 ጨዋታ በዛሬ ሚዛን አትመዝኑት። ከእሱ በኋላ ሌላ ጥቁር ተጫዋች ኤን ኤች ኤል ውስጥ ለማየት 1974 ድረስ መጠበቅ ነበረበት፤ ማይክ ማርሰን፣ ለዋሽንግተን ካፒታልስ።

በ1958 ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ወደ ታች ተመለሰ። ቦስተን እንደገና የጠራው በ1960–61 ነው፣ 43 ጨዋታ። እንዲህ ያለ መመላለስ ዛሬም አለ። አንድ ዓመት ሁለት ረድፍ ይዞ ከመጣ በዚያ ዓመት ተጫዋቹ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የከረመው። ውሉ ላይ ሁለት ደመወዝ ሊጻፍለት ይችላል፣ አንዱ ለላይ፣ አንዱ ለታች።

እርምጃ 4፦ አሁን ቁጥሮቹን

ጂፒ የተጫወተበት ጨዋታ ብዛት ነው። ዛሬ ሙሉ የውድድር ዘመን ከ80 ጨዋታ በላይ ስለሆነ፣ 40 ካያችሁ ወይ ጉዳት ወይ ተጠባባቂነት አለ። ጎልና አሲስት ተደምረው ፖይንት ይባላሉ። ለአንድ ጎል እስከ ሁለት ሰው አሲስት ይሰጠዋል፣ ስለዚህ አሲስት ከጎል ቢበዛ አይግረማችሁ።

የምወዳት ግን ፒም የምትለዋ ዓምድ ናት፤ በቅጣት ውጭ የተቀመጠበት ደቂቃ። እኛ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እንላለን። እነሱም እንደኛ ዱላ ይዘው ነው የሚጫወቱት፣ ነገር ግን ይቆጣሉ፤ ቁጣውም በደቂቃ ይመዘገባል። ለቀላል ጥፋት 2 ደቂቃ፣ ለቡጢ 5። ጎሉ ትንሽ፣ ፒሙ ብዙ የሆነ ሰው ካገኛችሁ ሥራው ምን እንደነበር ገብቷችኋል።

በረኞች የራሳቸው ሰንጠረዥ አላቸው፣ በመቶ ስንት ኳስ እንዳዳኑ የሚያሳይ። ኳስ ልበል እንጂ ፓክ ነው፣ ጠፍጣፋ ጎማ። ደግሞ አንዳንዴ ዴቪድ ኤይርስን ታገኛላችሁ። የበረዶ ሜዳ የሚጠርግ መኪና ይነዳ የነበረ የ42 ዓመት ሰው። ፌብሩዋሪ 22, 2020 ቶሮንቶ ውስጥ የካሮላይና ቡድን ሁለቱም በረኞች ሲጎዱ ገባ፣ አሸነፉም። ጠቅላላ፦ 1 ጨዋታ።

እርምጃ 5፦ የታጠፈበትን ቦታ ፈልጉና ምክንያቱን ጠይቁ

ሰንጠረዡ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ቁጥሩ ድንገት ሲዘል ወይም ሲወድቅ ቆም በሉ። ጉዳት፣ አዲስ አሰልጣኝ፣ የቦታ ለውጥ ሊሆን ይችላል።

ኦሪ በ1961 ወደ ሎስ አንጀለስ ብሌድስ ሄደ፤ ያ ደብሊው ኤች ኤል ያልኳችሁ ሊግ ውስጥ ያለ ቡድን። እዚያ ጎሉ ይጨምራል። ሁለት ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኗል። ሠላሳ ዓመት አካባቢ የደረሰ ተጫዋች ምን አግኝቶ ነው?

መልሱ ያቺ "የግራ ክንፍ" ላይ ነው። በ1955–56 ረድፍ፣ ገና በወጣት ቡድን ኪችነር ሲጫወት፣ ፓክ ፊቱን መትቶት የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የሊጉ ደንብ አንድ ዓይኑ የማያይ ሰው እንዲጫወት አይፈቅድም። ስለዚህ ለክለቡ አልተናገረም። በግራ ክንፍ የሚሮጥ ሰው ጨዋታው ሁሉ በቀኙ ነው ያለው። ፓኩን ለማየት አንገቱን ወደ ቀኝ እስከ ትከሻው ማዞር ነበረበት፣ ያውም ተከላካይ እየመጣበት። ኤን ኤች ኤል ውስጥ የተጫወተውም እንደዚያው ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ አሰልጣኙ ወደ ቀኝ ክንፍ አዞረው። ጨዋታው በግራው ሆነ፣ ደህናው ዓይኑ ባለበት በኩል።

አሁን ተመልሳችሁ ያንን 45 ጨዋታ፣ 4 ጎል እዩት። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ሎስ አንጀለስ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሳንዲያጎ፣ ሳንዲያጎ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው ረድፍ 1978–79 ነው፣ አሁንም ሳንዲያጎ። ዕድሜው 43።