የሴቶች የቁጠባና ብድር ቡድን ዓመት ከዓመት እንዲዘልቅ ምን እናድርግ?

ብዙ የቁጠባ ቡድን የሚፈርሰው ገንዘብ ስላነሰው አይደለም። የጋራው ገንዘብ በሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቁት አንድ ሁለት ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ነው። መጀመሪያ ሐሜት ይጀመራል። ከዚያ አንዷ መዋጮዋን ታዘገያለች፣ ሌላዋ እሷን አይታ የተበደረችውን ሳትመልስ ትቀራለች፣ ትንሽ ቆይቶ ስብሰባ የሚመጣ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚሄዱት ወደ አንድ ነገር ነው፦ ማንበብና መጻፍ የማትችል አባል እንኳ የቡድኑን ሒሳብ በቃሏ መናገር እንድትችል።

ይሄ ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት የቁጠባና ብድር ቡድን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ አካባቢ፣ ኬር የተባለው ድርጅት ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ከውጭ የተሰጣቸው ካፒታልም አልነበረም፤ የሚበዳደሩት ራሳቸው ያዋጡትን ነው።

1. አባላቱን ራሳችሁ ምረጡ

ከ15 እስከ 25 ሴቶች ይበቃሉ። ከዚያ ካነሳችሁ የሚበደር ገንዘብ አይጠራቀምም፣ ከበዛችሁ ደግሞ ስብሰባው አያልቅም። የምትተዋወቁና የምትቀራረቡ ሁኑ። ሌላ ሰው ያዘጋጀው ስም ዝርዝር ይዞ የተጀመረ ቡድን፣ ያዘጋጀው ሰው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

2. ደንቡን ጻፉ፤ ግን ከሌላ ቡድን አትገልብጡ

ስብሰባ መቼ ነው? የቀረችና ያረፈደች ስንት ትቀጣለች? በመሃል ልውጣ ያለች ገንዘቧን እንዴት ታገኛለች? አባል ብትሞትስ ለማን ይሰጣል? የመጨረሻው ሲነሳ ሁሉም ዝም ይላል፣ ግን ቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁበት በኋላ በሐዘን ላይ ጭቅጭቅ ይሆናል። ቁጠባው የሚለካው በሼር ነው፤ ሼር ማለት ዋጋው ለሁሉም እኩል የሆነ አንድ የቁጠባ ድርሻ ነው። የአንድ ሼር ዋጋ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ከሁሉም አቅም ያነሳትን አስቡ። እሷ በክፉ ሳምንቷም ቢሆን አንድ ሼር መግዛት አለባት። ያላት ሴት በአንድ ስብሰባ እስከ 5 ሼር ትግዛ፣ ከዚያ በላይ ግን አይፈቀድ። አለበለዚያ ቡድኑ ሳይታወቅ የሁለት ሦስት ሴቶች ይሆናል።

3. ሳጥኑ በሁሉም ፊት ይከፈት፣ በሁሉም ፊት ይቆለፍ

ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ሦስት የተለያዩ መቆለፊያዎች ይኑሩት። ሦስቱን ቁልፎች የሚይዙት ሦስት የተለያዩ ሴቶች ናቸው፣ እነሱም ከአመራሩ ውስጥ አይሁኑ። ሳጥኑ የሚያድርባት ሴት ቁልፍ አትይዝም። እንዲህ ሲሆን እሷም ከጥርጣሬ ትድናለች፤ ዘመድ ወይም ባል «እስቲ ለሁለት ቀን ብቻ» ቢላትም «ቁልፉ እኔ ጋ የለም» ብላ ትገላገላለች።

ስብሰባው እንዲህ ይሂድ። ሳጥኑ ሳይከፈት ሊቀመንበሯ «ባለፈው ስንት ላይ ዘጋን?» ብላ ትጠይቃለች። አባላት በቃላቸው ይመልሳሉ። ከዚያ ይከፈታል፣ ሁለት ቆጣሪዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፣ ከተባለው ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ አባላት በየተራ እየተጠሩ ሼር ይገዛሉ። ለእያንዳንዱ ሼር በደብተሯ ላይ አንድ ማህተም ይመታል፤ ሳይመታበት የቀረው ቦታ እዚያው ይሰረዛል፣ በኋላ ማንም እንዳይሞላው። መጨረሻ ላይ የቀረው ይቆጠርና ሁሉም ቁጥሩን ደግመው ደጋግመው ይሉታል። ደብተሮቹም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ ይቆለፋል። ገንዘብ ከስብሰባ ውጪ አይሰጥም፣ አይቀበሉምም። «ቸኩያለሁ፣ ለጸሐፊዋ ሰጥቻት ልሂድ» የሚለው አንድ ቀን ከተፈቀደ ልማድ ይሆናል።

4. ብድሩን ትንሽ፣ አጭርና ግልጽ አድርጉት

መጀመሪያ ጥቂት ወራት ቆጥቡ እንጂ ለማበደር አትቸኩሉ። ስትጀምሩ ማንም ከቆጠበችው ሦስት እጥፍ በላይ አትበደር። የመመለሻው ጊዜም በመጀመሪያው ዙር (ዙር ማለት ቁጠባው ተጀምሮ ገንዘቡ እስኪከፋፈል ያለው ጊዜ ነው) ከሦስት ወር ባይበልጥ ይሻላል። ጠያቂዋ ራሷ ተነስታ ለምን እንደምትፈልገው ለሁሉም ትናገር። ይህ ለማሳፈር አይደለም። ንግዱን የምታውቅ ሌላ አባል «አሁን ወቅቱ አይደለም፣ ግማሹን ብቻ ውሰጂ» ብላ የምትመክራት እዚያ ነው። በሌላ ሰው ግፊት የመጣች ሴትም ብዙ ጊዜ እዚያው ትታወቃለች፣ ቡድኑም «አይሆንም» የሚለውን በእሷ ፋንታ ይልላታል።

የዘገየ ብድር ካለ ስሟ በስብሰባው ላይ ይነሳ እንጂ ደጃፍ ለደጃፍ አይወራ። በእውነት የተቸገረች ከሆነ ጊዜ ስጧት፣ ግን የመጀመሪያውን ሳትመልስ ሁለተኛ ብድር አትስጧት። በብድር ላይ ብድር የሚሰጥ ቡድን ችግሩን እያየ ይደብቃል። አመራር ላይ ያለች ሴትም እንደማንኛዋም ተራዋን ትጠብቅ። እኔ ከሁሉ አጥብቄ የምለው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም የሊቀመንበሯ ያልተመለሰ ብድር የሌላውን ሁሉ ብድር ያስቀራል።

5. ለችግር ቀን ለብቻው አስቀምጡ

ሕመም፣ ሞትና እሳት ቀጠሮ የላቸውም። ለዚህ በየስብሰባው እኩል የሆነች ትንሽ መዋጮ ሰብስቡና በሌላ ቦርሳ ያዙ። ከብድሩ ገንዘብ ጋር አይቀላቀል።

6. ዙሩን ዝጉ፣ ተካፈሉ፣ እንደገና ጀምሩ

ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ዙሩ ይዘጋ። ከመዝጊያው ቀደም ብላችሁ አዲስ ብድር መስጠት አቁሙ፣ ያለው ሁሉ ይሰብሰብ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ሼር ዋጋ 50 ብር ነበር እንበል። በዙሩ 2,000 ሼር ተሸጧል፣ ማለትም 100,000 ብር ተቆጥቧል። ተበዳሪዎች የከፈሉት ወለድና ቅጣቱ ተጨምሮ ሳጥኑ ውስጥ 118,000 ብር ተገኘ። ለ2,000 ሲካፈል አንዱ ሼር 59 ብር ወጣ። 120 ሼር ያላት ሴት 6,000 ብር ቆጥባ 7,080 ብር ትወስዳለች።

«ለምን እንበትነዋለን፣ እዚያው ቢያድግ አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ገብቶኛል። ግን ገንዘቡ በእጇ ላይ ሲቆጠር ነው ደብተሩ እውነት መሆኑን የምታምነው። ሳይዘጋ ዓመታት የሚጓዝ ሒሳብ ስህተቱንም ይዞ ይጓዛል። በተለይ መዝገብ አያያዙ ገና ያልጠና ቡድን ባይሞክረው እመርጣለሁ። ከፈለጋችሁ ከድርሻችሁ ላይ እኩል አዋጡና ለሚቀጥለው ዙር መነሻ አድርጉት። መውጣት የምትፈልግም ያኔ በሰላም ትወጣለች፣ አዲስ የምትገባም ያኔ ትገባለች።

7. አመራሩን በየዙሩ ምረጡ

እጅ በማውጣት ሲሆን ሰው ይፈራል። ለእያንዳንዷ ዕጩ አንድ ከረጢት ተቀምጦ አባላት ከመጋረጃ ጀርባ ጠጠር ቢጥሉ ይሻላል። ጎበዝ ጸሐፊ ካለቻችሁ ከጎኗ የምትማር ምክትል አስቀምጡ። ጸሐፊዋ ብትታመም ወይም አካባቢ ብትቀይር መዝገቡን ማን ያነበዋል?

8. የውጭ ገንዘብ ሲመጣ አትቸኩሉ

ሕንድ ውስጥ የሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖችን ከባንክ ጋር የማገናኘት ሥራ ናባርድ በተባለው የአገሪቱ የግብርናና የገጠር ልማት ባንክ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1992 ተጀምሮ ዛሬ በጣም ሰፍቷል። ባንኩ ቡድኑን የሚያየው በመደበኛ ስብሰባው፣ በማይቋረጥ ቁጠባው፣ በውስጥ ብድሩና አመላለሱ፣ በመዝገቡም ጥራት ነው። እናንተም ቢያንስ አንድ ዙር በሰላም ሳትዘጉ ከባንክ አትበደሩ፣ ስጦታ እንኳ ቢሆን አትቀበሉ። የራሷን ላብ የምትበደር ሴት ለጎረቤቷ ብላ ትመልሳለች። «ከላይ የመጣ» የተባለውን ገንዘብ ግን ብዙዎች መመለስ ያለበት አድርገው አያዩትም፣ ያ ስሜት ደግሞ ወደ ራሳችሁ ቁጠባ ይዛመታል። ከወሰዳችሁም በሌላ መዝገብ ያዙት፣ መጠኑም መጀመሪያ ላይ ከራሳችሁ ቁጠባ አይብለጥ።