ከአፍ የወጣ መልእክት እንዴት ይመለሳል?

ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ ለልምምድ የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ጣናን አቋርጠው ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች ወንበር ታስይዛለች። የጻፍኳት ኤርላንግ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ውስጧ ሦስት ፕሮሰሶች፣ ማለትም ለየብቻ የሚሮጡ ክፍሎች፣ አሉ፤ አንድ ጀልባና ሁለት ትኬት ቆራጮች፣ አንዱ ወደብ ላይ፣ አንዱ መሀል ከተማ። ማንም የማንንም ሜሞሪ አይነካም፤ የሚነጋገሩት በመልእክት ብቻ ነው።

አንድ ቀን የመጨረሻዋን ወንበር ለሁለት ሰው ሸጠችልኝ። ደግሜ ሳስነሳት ምንም እንዳላጠፋ ልጅ ጸጥ! እንዲህ ያለው ስህተት የቱ መልእክት ቀድሞ በመድረሱ ስለሚወሰን፣ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። እጅ ከፍንጅ የሚያዘው ከታየበት ቦታ ወደ ኋላ በመሄድ ነው።

መጀመሪያ ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር ስጡ። ሁለቱም ቆራጮች የሚልኩት «ያዝ» የሚል ቃል ነው፤ ቁጥር ከሌለው የቱ የማን እንደሆነ አይለይም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን መዝገብ ይያዝ፦ «5ን ተቀበልኩ፤ ቀሪ ወንበር 1 ነበር»። የድሮውን ደምስሶ 0 ብቻ ከጻፈ መመለሻ የለውም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ስሌት ታሪኩን እየያዘ ከሄደ ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል አሳይቷል። መዝገቡ ሜሞሪ ይበላል፤ እሱን ቻሉት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም ሲመለስ መጨረሻ የሠራውን መጀመሪያ ያፈርሳል። እዚህ ግን ሁሉም በየራሱ ስለሚሮጥ «መጨረሻ» የቱ ነው? የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ቪንሰንት ዳኖስና ዣን ክሪቪን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት መንገድ ሰዓትን ትቶ መዘዝን ይከተላል። አንድን ድርጊት ለማፍረስ አስቀድማችሁ እሱ ያስከተለውን ሁሉ ታፈርሳላችሁ።

የእኔን ጀልባ መዝገብ እንይ። 5ን ከወደቡ ተቀበለ፣ በ6 «ተይዟል» አለው። 7ን ከከተማው ተቀበለ፣ በ8 ለሱም «ተይዟል» አለው። 7ን እናፍርስ። ገና ሳይነበብ በጀልባው የመልእክት ሳጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማውጣት ብቻ ነበር። ጀልባው ግን አንብቦታል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይሄኔ ነው። ስለዚህ ከተማው 8ን መቀበሉን ይሰርዛል። ጀልባው 8ን መላኩን ይሰርዛል፤ 7ን መቀበሉንም ሰርዞ ወደ ሳጥኑ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ነው ከተማው 7ን የሚያነሳው። ወደቡ ይህ ሁሉ ሲሆን አይነካም፤ ሥራውን ይቀጥል። 5ን ለማፍረስ ግን 7ም አብሮ ይፈርሳል፤ ጀልባው የተቀበለው ከ5 በኋላ ነዋ።

አዲስ ፕሮሰስ መውለድም ያው ነው። ልጁ የሠራውን ሁሉ ሳያፈርስ ወላጁ ሊያጠፋው አይችልም።

ወደ ውጭ የወጣን ነገር ግን መዝገብ አይመልሰውም። ኤስኤምኤሱ ለደንበኛው ከደረሰ ደረሰ፤ የከፈለውን ብር መመለስ ይቻላል፣ እንዳልከፈለ ማድረግ ግን የለም። ስህተት ስትፈልጉ እውነተኛ ክፍያና ኤስኤምኤስ አታገናኙ።

ከባዶ መጻፍ የሚሰለቸው ለኤርላንግ የተሠራውን ካውደር የተባለ ዲባገር (ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) ይሞክር። እኔ መዝገቡን ይዤ በእጄ ነው የሄድኩት። ስህተቱ እንደገና ብቅ ሲል 8ን፣ ከዚያ 7ን ሳፈርስ የጀልባው ቀሪ ከ−1 ወደ 0 ተመለሰ። ለካ ሁለቱም ቆራጮች አስቀድመው «ቦታ አለ?» ብለው ሁለቱም «1» ተብለዋል፤ «ያዝ» ሲመጣ ጀልባው ዳግም አላየም። አሁን ጥያቄውን አንስቼዋለሁ። «ያዝ» ብቻ ይላካል፤ ቀሪው 0 ከሆነ ጀልባው «ሞልቷል» ይላል።