ከመርዝ ጀሪካን ዘይት አይቀዳም፦ ጣና ዳር የማያቸው ስህተቶች

ስለ ጡት ካንሰርና ኬሚካል ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ ወደ ጡት ማስያዣና ወደ ዲዮድራንት ይሄዳል። ተዉአቸው። ጡት ማስያዣ ካንሰር አያመጣም፤ ዲዮድራንት ላይም አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። እኔ በአካባቢ ጤና ሥራ ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ፎገራ የምዞር ሰው ነኝ። የሚያበግነኝ ጓዳ ውስጥ ያለው ነው።

ከሁሉ የከፋው ባዶ ጀሪካን ነው። የሽንኩርት ፀረ ተባይ መድኃኒት የመጣበትን አጥቦ ዘይት፣ ጠላ፣ አልፎም የመጠጥ ውሃ መያዝ። ስንቴ ተነገረ! ወረታ ገበያ አንዲት እናት የኑግ ዘይት ሲሸጡ አየሁ። ጀሪካኑ ላይ ያለው የራስ ቅል ምልክት ግማሹ ተፍቋል፣ ግማሹ ያፈጣል። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የመርዝ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ በአመድ ፈትጌ አጥቤዋለሁ፤ እስቲ አሽትተው» አሉኝ። አሸተትኩት። እውነትም አይሸትም። ጉዱ ይሄ ነው፤ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ደግሞ ከውሃ ይልቅ በዘይት ስለሚሟሙ፣ ዘይቱ ቀስ እያለ ስቦ ያወጣቸዋል። አመድም፣ አሸዋም፣ ኦሞም አያጸዳውም። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን እዚያው ማሳው ላይ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩና ለዚያው ሰብል እርጩት እንጂ ርብና ጉማራ ላይ አትድፉት፤ ወንዞቹ የሚገቡት ጣና ነው። ከዚያ የጀሪካኑን ቂጥ ብሱት። «ይሸጣል እኮ!» የሚለኝ ገበሬ አይጠፋም። እንዳይሸጥ ብዬ ነው ብሱት የምለው።

ሌላው የልብስ ነገር ነው። አባት ሲረጭ ውሎ ይገባል። ጀርባው ድረስ የራሰውን ሸሚዝ የምታጥበው ልጅቱ ናት፣ በባዶ እጇ፣ ከሕፃኑ ጨርቅ ጋር በአንድ ሳፋ። ጡት ገና እያጎጠጎጠ ባለበት ዕድሜ ኬሚካል የሚያደርሰው ጉዳት ሊበረታ ይችላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1967 ከእናቶች የተወሰደ ደም ተቀምጦ ኋላ ተመርምሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ፣ 14 ዓመት ሳይሞላቸው ዲዲቲ ለሚባለው ፀረ ተባይ ከተጋለጡት ውስጥ በደማቸው ብዙ የተገኘባቸው፣ ጥቂት ከተገኘባቸው ይልቅ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 5 እጥፍ ያህል ሆነ። ከዚያ ዕድሜ በኋላ በተጋለጡት ላይ ይህ አልታየም። እርግጥ የአንዲትን ሴት ካንሰር «ያመጣው ይሄ ነው» ብሎ መለየት አይቻልም፤ ዕድሜም፣ ዘርም፣ ሌላም አለበት። ልጅቱን ከሳፋው ለማራቅ ግን ይህን ያህል ይበቃል። የረጨው ሰው ራሱ ጓንት አድርጎ፣ ለብቻ፣ በብዙ ውሃ ይጠበው።

«ዲዲቲ ድሮ ቀረ» ብሎ መዘናጋትም አለ። ዲዲቲ አፈርም ሰውነትም ውስጥ ዓመታት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ከሚላቸው ኬሚካሎች ጋር መድቦታል። ለወባ የመጣው ጫት ላይ ሲረጭ መኖሩም የአደባባይ ምስጢር ነው። ቃሚዎች፣ ቢያንስ እጠቡት። ማጠቡ ሁሉንም አያስለቅቅም፤ አለመቃም ይሻላል፣ ግን ማን ይሰማኛል!

ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል ይቅር፤ ጭሱ መርዝ ነው።

አረቄውንም ካንሰር አምጪ ብላችሁ ቁጠሩት፤ አልኮል ለጡት ካንሰር እንደሚያጋልጥ ከብዙዎቹ ኬሚካሎች የበለጠ ማስረጃ አለው።

አሁን አሁን ደግሞ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ጋ አዲስ ነገር እየሰማሁ ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ ተገኘ የሚለውን አንብበው ልጃቸውን ቶሎ ጡት ሊያስጥሉ ያስባሉ። መገኘቱ እውነት ነው። ማስጣሉ ግን በገዛ እጅ ጉዳት መጨመር ነው። ማጥባት ራሱ ከጡት ካንሰር ይከላከላል፤ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ለ12 ወር በማጥባት ስጋቱ 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አጥቢ፣ እህቴ። የሚራቀው ከመርጫው ነው፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ ሴት የተባይ መድኃኒት አትበጥብጥ።

የመጨረሻው «እብጠት አለኝ፣ ግን አያመኝም» ብሎ መቀመጥ ነው። የጡት ካንሰር እብጠት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጸበሉንም ተጠመቁ፣ ምርመራውንም በዚያው ሳምንት ጀምሩ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ባሕር ዳር ወዳሉት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ። የጤና መድኅን ያላችሁ በተለይ፣ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።