የሀገር ወይን በደሴና በኮምቦልቻ፦ ከሱቅ እስከ ብርጭቆ

ደህና ሆኖ የታሸገ ወይን ደሴ ላይ ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ከሸተተ፣ «የሀገር ወይን እንዲህ ነው» ብሎ ፋብሪካውን መውቀስ ይቀናናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚደርሰው ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ ነው፤ መንገድ ላይ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ወይም ሳሎን ውስጥ ብፌው አናት ላይ። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ አየራቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሆና ትበርዳለች፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ናትና ትሞቃለች። ለአንዷ የሚሆነው አያያዝ ለሌላዋ አይሆንም።

መጀመሪያ የሚገዙትን ይወቁ። ጉደርና አክሱማይት የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ናቸው፤ ጉደር ቀይ፣ አክሱማይት ጣፋጭ ነጭ። ካስቴል የተባለው ኩባንያ ዝዋይ (ባቱ) ላይ ከተከለው ወይን የሚሠራቸው ሪፍት ቫሊና አካሺያ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ገበያ ገቡ። ሪፍት ቫሊ በወይኑ ዘር ስም ይሸጣል፦ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ነጩ ሻርዶኔ። እነዚህ ደረቅ የሚባሉ፣ ጣፋጭነት የሌላቸው ናቸው። አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ የሆኑ ዓይነቶች አሉት። አፉ ጠጅ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ካበርኔ አይቅዱለት፤ አፍ የሚያጨማድደውን ታኒን «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። በአካሺያ ወይም በአክሱማይት ይጀምርና ወደ ሜርሎ ይሻገር።

ጠርሙሱ ላይ ዓመት ከተጻፈ የአውሮፓውያኑ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አስበው ያረጀውን «አዲስ ነው» ብለው እንዳይገዙ። እነዚህ ወይኖች ባብዛኛው ቶሎ እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸው። ነጩንና ሮዜውን (ሐምራዊ መልክ ያለውን ፈዛዛ ቀይ) በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ቀዩን በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ መጠጣት ይሻላል። ወይን ሁሉ ሲያረጅ ይጣፍጣል የሚለው እምነት ብዙ ጥሩ ጠርሙስ አስበልቶናል።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ነገር ይመልከቱ። ቡሹ ወይም መሸፈኛው ወደ ላይ ተገፍቶ ከሆነ ወይኑ ሞቋል፤ ሙቀት ፈሳሹን ያሳብጠዋል፣ ፈሳሹ ቡሹን ይገፋዋል። አንገቱ ላይ የደረቀ፣ የሚያጣብቅ መስመር ካለ ወይን አፍስሷል ማለት ነው፤ ወይን ከወጣበት አየር ይገባል። ሦስተኛው መጠኑ ነው፤ ከጎኑ ካሉት አቻዎቹ ጎድሎ የሚታየውን ይተዉት። ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ለጌጥ የተደረደረውን ደግሞ ምንም ቢረክስ አይግዙ፤ ነጭ ወይን በብርሃን ብቻ ጣዕሙ ይለወጣል። ከውስጥ፣ ከካርቶን እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ።

ከአዲስ አበባ በብዛት የሚያስጭኑ ከሆነ መንገዱን ያስቡበት። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጭነቱ የጣርማ በርን ብርድ አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፣ ከዚያ በአጣዬ፣ በከሚሴ፣ በሐርቡ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ቀትር ላይ በሸራ ሥር የታፈነ ጭነት ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳ እስኪበላ ከቆመ ወይኑ ተቀቀለ ማለት ነው። ማታ የሚጓዝ መኪና ይፈልጉ። ካልተገኘ ካርቶኖቹ ከጭነቱ መሐል ይሁኑ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፈኑ፣ ከሞተሩም ይራቁ። ሲደርስ ወዲያው አይክፈቱት፤ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ።

ቤት ውስጥ

ቡሽ ያለውን ጠርሙስ ያስተኙት። ሲቆም ቡሹ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ አየር ያስገባል፤ ብፌ ላይ ዓመት የቆመ ወይን የሚበላሸው በዚህ ነው። የሚሽከረከር ክዳን ያለው ቢቆምም ችግር የለውም። ደሴ ውስጥ ጨለም ያለ ጓዳ፣ በተለይ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ሥር፣ ጥሩ መጋዘን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቁም ሳጥን ይልቅ ወለል ላይ፣ አልጋ ሥር ይሻላል። ዋናው ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ እንዳያልፍና ቀን እየሞቀ ማታ እየቀዘቀዘ እንዳይዋዥቅ ነው።

የደሴ ብርድ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያሳያል፦ ጠርሙሱ ሥር ወይም ቡሹ ላይ የስኳር ቅንጣት ወይም የመስታወት ስባሪ የሚመስል ነገር። ይህ የወይኑ የራሱ አሲድ በቅዝቃዜ ጠጥሮ የወረደ ነው፤ ጉዳት የለውም። ጠርሙሱን አቁመው ያዝቅጡትና ቀስ አድርገው ይቅዱ።

ማቀዝቀዝና መክፈት

ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ደረቅ ነጭ ከ8 እስከ 12፣ እንደ አክሱማይት ያለው ጣፋጭ ነጭ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሲሆን ጣዕሙ ይወጣል። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚባለው ለደሴ ማታ ይሠራል፤ ጓዳ የነበረውን አውጥቶ መክፈት ነው። እንዲያውም በክረምት በዝቶ ከቀዘቀዘ ብርጭቆውን በመዳፍ ይዞ ማሞቅ ይበቃል፤ ምድጃ አጠገብ አያስጠጉት። ኮምቦልቻ ላይ 27 ዲግሪ የሆነ ቀይ ወይን ግን አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል። አንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ያስገቡት፤ ነጩ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ለቸኮለ ባልዲ ውስጥ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውኃ አድርጎ አንድ እፍኝ ጨው መጨመር ነው፤ ነጩ በ20 ደቂቃ ይደርሳል። ውኃ የሌለው በረዶ ጠርሙሱን በነጥብ በነጥብ ብቻ ስለሚነካው ይዘገያል። መብራት ከጠፋና በረዶ ከሌለ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ያስቀምጡ፣ ጨርቁንም ደጋግመው ያርጥቡ። ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ ማደር ግን ጠርሙስ ያፈነዳል።

ሲከፍቱ የመክፈቻውን ጫፍ ቡሹ መሐል ላይ ይትከሉ፣ አንድ ቀለበት ብቻ ውጭ እስኪቀር ያዙሩ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ግማሽ መንገድ አዙሮ የሚስብ ሰው ቡሽ ይሰብራል። ከተሰበረ መክፈቻውን ሰያፍ አድርገው ቀሪው ላይ ይሞክሩ፤ እምቢ ካለ ወደ ውስጥ ይግፉትና ወይኑን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው ወደ ማንቆርቆሪያ ይገልብጡ። ጣዕሙ አይጎዳም።

ከመቅዳትዎ በፊት ያሽቱ። የአቼቶ ሽታ ካለው አየር ገብቶታል። እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ይህ በየትኛውም አገር ወይን የሚደርስ ነው፣ ጠርሙሱን ይመልሱ። ጣፋጭ ወይን ደፍርሶ አረፋ ከሠራ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና መፍላት ጀምሯል። ነጩ ወደ ቡናማ ከሄደና የተቆረጠ ፖም ሲቆይ የሚሸተውን ከሸተተ አርጅቷል።

ከምን ጋር

በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከደረቅ ካበርኔ ጋር አይስማማም፤ ታኒኑና አልኮሉ ማቃጠሉን ያብሱታል። መካከለኛ ጣፋጭ አካሺያ ቀይ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ምላስን ያሳርፋል። ካበርኔና ሲራ ስብ ላለው፣ በርበሬ ላልበዛበት ጥብስ ይሁኑ። ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ተጠብሶ ሎሚ ሲጨመቅበት ሻርዶኔ ነው የሚፈልገው፤ በእኛ አካባቢ ከዚህ የተሻለ ጥምረት የለም ብንል አናጋንንም። አክሱማይት ከኬክ ጋር ነው ወጉ።

ለሰርግ ሲያሰሉ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አምስት ብርጭቆ ይሞላል። ወሎ ላይ ግማሹ እንግዳ ወይን የማይቀምስበት ሰርግ ብዙ ነውና የተጋባዡን ጠቅላላ ቁጥር አይውሰዱ። ከ200 ሰው 80ው ይጠጣሉ ብንል፣ በሁለት ሁለት ብርጭቆ 160 ነው፤ ለአምስት ሲካፈል 32 ጠርሙስ፣ ለሚበላሸውና ለሚሰበረው አራት ጨምረው 36 ይግዙ። ለሙስሊም እንግዶች ማዕዱ እንደሚለይ ሁሉ የወይኑ ብርጭቆና ማጠቢያውም ይለይ፤ አስተናጋጆቹን ቀድመው ያስረዱ።

የተረፈውን ወዲያው ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑና ፍሪጅ ያስገቡ፤ ቀይም ይሁን ነጭ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ ያለፈውን ደረቅ ወይን አቼቶ ያድርጉት። ሁለት እጅ ወይን፣ አንድ እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያድርጉ፣ በነጠላ ጨርቅ አፉን ይሰሩ፣ ጨለማ ያስቀምጡ። ቤት ውስጥ የተሠራ አቼቶ ካለ አንድ ሲኒ ይጨምሩ፤ የሱቁ ባብዛኛው ሕይወት ያለው እርሾ ስለሌለው አያስጀምርም። የብረትና የአሉሚኒየም ዕቃ አሲዱ ይበላዋልና አይጠቀሙ። ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ወር ተኩል አካባቢ ይደርሳል፤ ደሴ ላይ ብርዱ ስለሚያዘገየው ከማድ ቤቱ ሞቅ ባለው ጥግ አስቀምጠው ሁለት ሦስት ወር ይጠብቁ።