ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ የፊልም ኮምፒውተር «ስታክ» ሲያደርግ የሚሠሩ ስህተቶች

ቤት ውስጥ ገጣጥማችሁ ከቲቪ ጋር ያገናኛችሁት ኮምፒውተር ፊልም መሃል ደርቆ ሲቀር መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣውን አውቀዋለሁ። «ፎርማት ይደረግ!» ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን ማለታችሁ ነው።

ኧረ በፈጠራችሁ ተዉት። ፎርማት የሚጠቅመው ችግሩ ከሶፍትዌር ሲሆን ነው። የጋለ ፕሮሰሰር፣ የተበላሸ ራም ወይም የደከመ ፓወር ሰፕላይ (ኤሌክትሪክ አዳዩ) ዊንዶውሱ አዲስ ሆነ አሮጌ ምን ገዶት? ጭራሽ ማስረጃውን ታጠፉታላችሁ። ስህተቱ የተመዘገበበት የዊንዶውስ መዝገብ (ኢቨንት ቪወር)ም፣ ሰማያዊው ስክሪን ሲመጣ የተቀመጠው የብልሽቱ ማስታወሻ (ሚኒደምፕ ፋይል)ም አብሮ ይጠፋል። አንዲት እናት ይዘውልኝ የመጡት ኮምፒውተር ሌላ ቦታ ደጋግሞ ፎርማት ተደርጓል። የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ዴስክቶፕ ላይ ነበር፣ አሁን የለም። ክዳኑን ስከፍተው የፕሮሰሰሩ ፋን ከአራቱ የፕላስቲክ እግሮቹ አንዱ ከማዘርቦርዱ ወጥቷል። ሙቀት የሚስበው ብረት (ሂትሲንኩ) በአንድ ጎን ተነስቶ፣ በእሱና በፕሮሰሰሩ መሃል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ግማሹ ብቻ ነው የነካው። የድሮውን ጠርጌ፣ አዲስ ቀብቼ፣ እግሩን ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ስታክ ማድረጉ ቆመ። ቪዲዮውን ግን ማን ይመልሰው?

ሌላው ሁሉንም ብልሽት «ስታክ አደረገ» ብሎ ማለፍ ነው። እንዴት? ምስሉ ቆሞ ማውዙ ይንቀሳቀሳል? ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክ ስትጫኑ መብራቱ ይበራል ይጠፋል? እንደዚያ ከሆነ ማሽኑ አልሞተም፣ ማጫወቻውን፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ምስል የሚያወጣውን ክፍል የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ወይም ዲስኩን ጠርጥሩ። ድምፁ «ድድድድ» እያለ ሁሉም ነገር ከደረቀ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ድንገት ድርግም ካለ ብዙውን ጊዜ ሙቀት ወይም ፓወር ነው። ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ እዚያ ላይ ያለው ኮድ ከእናንተ ግምት ይሻላል።

ኢቨንት ቪወር ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል አይታችሁ ፓወር ሰፕላይ ልትገዙ አትሩጡ። ማሽኑ በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው፣ ለምን እንደጠፋ አይናገርም።

ሙቀት ላይ እንምጣ። ኮምፒውተሩን ቡፌ ውስጥ ከትታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ላዩ ላይ ዳንቴል አልብሳችሁ «ለምን ይግላል» አትበሉኝ። ዳንቴሉ ያምራል፣ አልካድኩም፣ ግን አየር መውጫው ላይ አይሁን። ኤችደብሊው ሞኒተር የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ጫኑና ፊልም እያያችሁ ሙቀቱን ተመልከቱ። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዘገያሉ፣ ካልበቃም ይጠፋሉ። ፊልም ለማየት ብቻ 90 ከደረሰ ጤነኛ አይደለም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የፊልሙ ፋይል ነው። 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5 ላይ ፎርኬ ኤችኢቪሲ 10 ቢት (ጥራቱ ከፍ ያለ፣ ለመፍታት ግን ከባድ የሆነ የቪዲዮ ዓይነት) ትከፍቱና ተበላሸ ትላላችሁ። እሱን የሚፈታ ሃርድዌር ውስጡ የለም፣ ሁሉንም በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው የሚጎትተው፣ ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል። ኢንቴል ላይ 10 ቢቱን በሃርድዌር በደንብ የሚችለው ከ7ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ቀለል ያለውን 1080 ፒ ኤች 264 አውርዱና ተገላገሉ። ኮዴክ ፓክ (የቪዲዮ መፍቻ ጥቅል) መደራረብም ይቅር፣ ቪኤልሲም ኮዲም የሚባሉት ማጫወቻዎች የራሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።

ራም ላይ፦ ከተለያየ ቦታ የተገዙ ሁለት ራሞች ሰክታችሁ ከሆነ አንዱን አውጡና ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ራሙን የሚያፈጥነውን ኤክስኤምፒ ካበራችሁ አጥፉት። ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት 86 በፍላሽ አስነስታችሁ ማታ ለቃችሁት ተኙ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከመጣ በ«ችግር የለውም» አይታለፍም። ራም በላጲስ ማጽዳቱ አንዳንዴ ይሠራል፣ ፍርፋሪውን ግን ስሎቱ ውስጥ አታራግፉት።

በአንድ ጊዜ ራምም፣ ድራይቨርም፣ ኬብልም የሚቀይር ሰው ምኑ እንዳዳነው አያውቅም።

ፍሪጁ፣ ምጣዱና ኮምፒውተሩ አንድ ዲቫይደር ላይ? ተዉ እንጂ! መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ፓወር ሰፕላዩን ግን ራሳችሁ አትክፈቱት፣ ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚጎዳ ቻርጅ ሊይዝ ይችላል።

ፊልሙ ሁልጊዜ እዚያችው ደቂቃ ላይ የሚቆም ከሆነ ፋይሉን ወይም ሃርድ ዲስኩን ጠርጥሩ። የዲስኩን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ። ሲ7 (በኬብሉ ሲተላለፍ የተበላሸ ዳታ) የሚለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው፣ በርካሽ ይቀየራል። ሲ5 (ማንበብ ያቃተው የዲስኩ ክፍል) ከጨመረ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው። ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ) አስነስታችሁ የደከመውን ዲስክ አታሩጡት፣ መጀመሪያ የሚያሳሳችሁን ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፣ ፊልሞቹን በኋላ።