አሜሪካ ውስጥ በጫት ምክንያት የድራግ ክስ ከመጣብህ ከመጀመሪያዋ ሰአት ጀምሮ ምን ታደርጋለህ

"ቅጠል እኮ ነው፣ ምን ያደርጉኛል?" ይሄንን ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁ አልቆጥረውም፣ ብዙዎቹ ያሉት ደግሞ ከታሰሩ በኋላ ነው። ሀገር ቤት ጫት በአደባባይ የሚሸጥ፣ ከአወዳይ ተጭኖ ቀረጥ ተከፍሎበት ጅቡቲና ሶማሊያ የሚሄድ እቃ ነው፣ እዚህ ግን ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ከ1993 ጀምሮ (የምጠቅሳቸው አመቶች በሙሉ በፈረንጅ ነው) በፌዴራሉ የድራግ ዝርዝር ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ፣ ጥብቅ በሆነው አንደኛው መደብ ላይ ተመዝግቧል። ስለዚህ ዘመድ የላከለትን ካርቶን ፈርሞ የተቀበለ ሰው "ለማከፋፈል አስቦ መያዝ" ወይም "ወደ ሀገር ማስገባት" ተብሎ ሊከሰስ ይችላል፣ በፌዴራል ህግ የቅጣቱ ጣሪያ 20 አመት ነው። አትደንግጥ፣ ጣሪያው ማለት የሚፈረድብህ ማለት አይደለም፣ የፌዴራሉ የቅጣት መመሪያ 100 ኪሎ ጫትን እንደ 1 ኪሎ ማሪዋና ነው የሚያሰላው። ብቻ ዜጋ ካልሆንክ ትልቁ አደጋህ እስሩ ላይሆን ይችላል፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ቋንቋ ለከበዳቸው ወገኖች ፍርድ ቤት አብሬ እየሄድኩ ያየሁትንና ከጠበቆቻቸው የተማርኩትን ነው የምጽፈው። ያንተን ኬዝ የሚያውቅ ጠበቃ ከዚህ የተለየ ነገር ካለህ እሱን ስማ።

በመጀመሪያ ስለ አፋችን። እኛ ስናድግ ትልቅ ሰው ወይም ባለስልጣን ሲጠይቅ ዝም ማለት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፣ ፖሊስ ሲጠይቀን ደግሞ ከፍርሀትም ከትህትናም የተነሳ ያልተጠየቅነውን ጭምር እንናገራለን፣ "እሺ እሺ" እንላለን፣ ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን። አንተ "እሺ" ስትል "እየሰማሁህ ነው" ማለትህ ነው፣ እሱ ግን "አምኗል" ወይም "ፈቅዷል" ብሎ ነው ሪፖርቱ ላይ የሚጽፈው። ከዚህ የባሰው ደግሞ እዚህ ሀገር ዝም የማለት መብትህን ለመጠቀም በግልጽ መናገር አለብህ፣ በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ አይበቃም ብሎ ወስኗል፣ ከዛ በፊት በ1994 ደግሞ "ምናልባት ጠበቃ ባናግር ይሻል ይሆን" አይነት አነጋገር ጠበቃ እንደመጠየቅ አይቆጠርም ብሏል። እኛ ደግሞ ስንጠይቅ እንዲህ ነው የምንጠይቀው፣ ዙሪያ ጥምጥም፣ "ጠበቃ ባገኝ ጥሩ ነበር" ምናምን። እሱ አይሰራም! እንግሊዝኛህ ቢሰባበርም እነዚህን ሁለት አረፍተ ነገሮች በቃልህ ያዛቸው፣ "አይ ዊል ኖት አንሰር ኩዌስችንስ። አይ ዋንት ኤ ሎየር።" (ጥያቄ አልመልስም፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ ማለት ነው)። ከዛ በኋላ በቃ፣ ሻይ ቢያመጡልህም፣ "አንተ ጥሩ ሰው ትመስላለህ እስቲ እውነቱን ንገረን" ቢሉህም፣ ስምህን ነግረህ ዝም።

ዝም ማለትና መዋሸት ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ለፌዴራል መርማሪ መዋሸት ለብቻው እስከ 5 አመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። "ሞሪንጋ ነው"፣ "ሂና ነው"፣ "ለእናቴ የመጣ ሻይ ቅጠል ነው" ያለ ሰው ያን ያለው ደንግጦ ሊሆን ይችላል፣ አቃቤ ህጉ ግን "ክልክል መሆኑን ባያውቅ ለምን ዋሸ?" ብሎ ጁሪው ፊት ያቀርበዋል። አንዷ ውሸት የመከላከያህን ምሰሶ ነው የምትነቅለው፣ ለምን እንደሆነ ቆይ አስረዳለሁ።

ቤት ስትሆን ደግሞ፣ ፓኬጁ ብዙ ጊዜ እንዲሁ አይመጣም። ከውጭ የመጣን እቃ ጉምሩክ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከፍቶ ማየት ይችላል፣ ካየ በኋላ መልሶ አሽጎ እንደ ፖስታ ቤት ሰራተኛ በለበሰ መርማሪ ሊያደርስልህ ይችላል፣ ስትቀበለው ነው በር የሚንኳኳው። "መግባት እንችላለን?" ሲሉህ እንግዳ በር ላይ ማቆም ያሳፍርሀል፣ አውቃለሁ፣ ግን "አይ ዱ ኖት ኮንሰንት" (አልፈቅድም) በል። የፍርድ ቤት ወረቀት ካላቸው አትከልክል፣ አትጋፋ፣ በሩን ልቀቅ፣ አለመስማማትህን ብቻ በእርጋታ ተናገር። ስልክህን ክፈትልን ካሉህም መልሱ ያው ነው። ኤርፖርት ላይ ሻንጣህን አላስፈትሽም ማለት ግን አትችልም፣ የሻንጣው ፍተሻ አይቀርም፣ ከተገኘ በኋላ ስለ እቃው ለሚጠይቁህ ጥያቄ ነው ጠበቃ የምትጠይቀው።

ከታሰርክ በኋላ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስልክ ነው። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል፣ ከጠበቃ ጋር ከሚደረገው በቀር። "በአማርኛ ነው የማወራው ማን ይሰማኛል" አትበል፣ በኋላ ተርጓሚ ተቀጥሮ ቃል በቃል ተጽፎ ይቀርባል፣ ትርጉሙ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል ላይሆን ይችላል፣ "እቃው ደረሰ ወይ" ያልከው የእህትህን ልብስ ሆኖ እንኳን ሌላ መልክ ይይዛል። ለሚስትህ "ደህና ነኝ፣ ጠበቃ ፈልጊ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ" በቂ ነው። ውጭ ያለው ቤተሰብም ቴሌግራምና ዋትሳፕ ላይ ያለውን ሜሴጅ እንዳያጠፋ፣ ካጠፋ ማስረጃ ማጥፋት ተብሎ ሁለተኛ ተከሳሽ ይሆናል፣ ይሄ ሲሆን አይቻለሁ በጣም ያሳዝናል።

ጠበቃ። ገንዘብ ከሌለህ መንግስት ነጻ ጠበቃ ይመድብልሀል፣ እና እባካችሁ "የመንግስት ጠበቃ ከነሱ ጋር ነው" የሚለውን ወሬ ተዉት። የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ቀን ከሌት ይሄንኑ ስራ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው፣ ማስታወቂያ አይቶ እቁብ ሰብስቦ ከሚቀጠር፣ የጫት ኬዝ ነክቶ ከማያውቅ ጠበቃ እነሱ ይሻሉኛል። እውነቱን ለሱ ንገረው፣ የምትነግረው ነገር በሚስጥር የተጠበቀ ነው። አስተርጓሚም በነጻ የማግኘት መብት አለህ፣ የቤትህ ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ወይም ሀደሪኛ ከሆነ አማርኛ እሰማለሁ ብለህ አትለፈው፣ አፍህን በፈታህበት ቋንቋ ጠይቅ፣ ያልገባህ ነገር ካለም እጅህን አንስተህ አልገባኝም በል።

ዋስትና ላይ ቤተሰብ ትልቅ ስራ አለው። አቃቤ ህጉ ይታሰርልኝ ካለ ለችሎቱ እስከ 3 ቀን ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል፣ ጠበቃህ ደግሞ እስከ 5 ቀን፣ እነዛን ቀናት ለቅሶ ቤት እንደተሰበሰብን ቁጭ ብለን አናሳልፋቸው። የስራ ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ወረቀት፣ ከቤተክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ደብዳቤ፣ ደግሞ በአካል መጥቶ ዳኛ ፊት "እኔ ቤት ይቆይ፣ እጠብቀዋለሁ" የሚል ሰው። ወንበሩ ሞልቶ የታየበትና ባዶ የሆነበት ችሎት አንድ አይደለም። ግን አንድ ነገር፣ ዜጋ ካልሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ኢሚግሬሽን የመያዣ ጥያቄ ልኮበት እንደሆነ ጠበቃውን ጠይቁ፣ ካለ ከአንዱ እስር ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሊገባ ይችላል፣ ገንዘቡም ሰውየውም እጃችሁ ላይ አይኖሩም።

አሁን ወደ ምሰሶው። የፌዴራሉ መደብ ላይ የተጻፈው "ካቲኖን" እንጂ "ጫት" የሚል ቃል አይደለም፣ ስለዚህ አቃቤ ህጉ ጫት መያዝህን ብቻ ሳይሆን ህግ የሚከለክለው ነገር እንደያዝክ ማወቅህንም ማሳየት አለበት። በ2005 6ኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ጫት ይዞ የገባን ሰው ጥፋተኛ የሚለውን ውሳኔ የሻረው ይህ እውቀት በበቂ ማስረጃ አልታየም ብሎ ነው። በ2006 ኒውዮርክ ላይ 44 ሰው በአንዴ የተከሰሰበት ትልቁ የጫት ኬዝም ዋናው ክርክር ይሄው ነበር። "ሞሪንጋ ነው" ማለት ለምን እንደሚጎዳ አሁን ገባህ አይደል? ግን ይሄ መከላከያ ለሁሉም አይሰራም፣ ከዚህ በፊት ጉምሩክ ወስዶበት ደብዳቤ የደረሰው ሰው አላውቅም ነበር ቢል ማን ያምነዋል። ሁለተኛው ላቦራቶሪው ነው። ካቲኖን ቅጠሉ እየደረቀ ሲሄድ ይበላሽና ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ነገር ይቀየራል፣ ካቲን ደግሞ አራተኛ መደብ ላይ ነው ያለው፣ ቅጣቱም በጣም ያንሳል። ስለዚህ ጠበቃህ ከየትኛው ጥቅል ናሙና ተወሰደ፣ መቼ ተመረመረ፣ በማቀዝቀዣ ነው የተቀመጠው፣ የተገኘው የትኛው ነው ብሎ ሪፖርቱን እንዲያስመጣ ጠይቀው። የስቴት ክስ ከሆነ ህጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ይሄንን ሁሉ እንደገና መጠየቅ ነው።

አብዛኛው ኬዝ ግን ለክርክር አይደርስም፣ በፌዴራል ከ10 ተከሳሽ ወደ 9ኙ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ተስማምቶ ነው የሚጨርሰው። ልቤን የሚያደማው እዚህ ጋ ነው። "ፈርም፣ እስር የለም፣ ፕሮቤሽን ብቻ ነው" ይባላል፣ ሰውየው ደስ ብሎት ፈርሞ ወደ ታክሲው ይመለሳል፣ ከአመታት በኋላ ግሪን ካርድ ሊያሳድስ ሲሄድ ይያዛል። በኢሚግሬሽን ህግ የድራግ ጥፋተኝነት ከሀገር ያስባርራል፣ ያለው ጠባብ በር ከ30 ግራም የማይበልጥ ማሪዋና ለራሱ የያዘ ሰው የአንድ ጊዜ ጥፋት ነው፣ ጫት እዛ ውስጥ የለም። ማከፋፈል የሚል ከሆነ ደግሞ ከከባዶቹ ወንጀሎች ተመድቦ ዳኛው ሊያዝንልህ ቢፈልግ እንኳን እጁ ይታሰራል። "ፕሮግራም ጨርስ ክሱ ይሰረዛል" የሚባለውም ቢሆን ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ካመንክበትና ፍርድ ቤቱ አንዳች ግዴታ ከጣለብህ ለኢሚግሬሽን ጥፋተኝነት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ተሰርዟል ቢልም።

በ2010 ፓዲያ በተባለ ሰው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ የመባረር አደጋውን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል፣ ያ ሰውዬ ከ40 አመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ ማሪዋና ጭኖ የተያዘ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፣ ስንቶቻችን ትራክ ላይ እንዳለን አስቡት። ስለዚህ ፕሊው (ጥፋተኛ ነኝ የሚለው ስምምነት) ላይ ከመፈረምህ በፊት የወንጀል ጠበቃህ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገር፣ የሁለቱንም አስተያየት በጽሁፍ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ጥሩ ጠበቃ ድራግ የሚል ቃል የሌለበት ሌላ ክስ ላይ ለመስማማት ይሞክራል፣ አንዳንዴ ትንሽ ወር መታሰር ያለበት ስምምነት ምንም እስር ከሌለው ይሻላል፣ ለሰሚው ግራ ነው ግን ሀያ አመት የኖርክበትን ቤት የሚያድንልህ እሱ ሊሆን ይችላል።

ክሱ ቢዘጋልህም፣ ነጻ ብትወጣም፣ ዜጋ ካልሆንክ ለሰርግም ለለቅሶም ብለህ አዲስ አበባ ከመብረርህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃህን አማክር፣ ምክንያቱም ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ያለው መኮንን ያለ ፍርድ እንኳን "አከፋፋይ ነው ብዬ የማምንበት ምክንያት አለኝ" ብሎ አላስገባም ሊልህ ይችላል፣ ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ነው እንጂ ከደረስክ በኋላ ጠበቃ ብትደውልለት ሊያደርግልህ የሚችለው ነገር ትንሽ ነው።