ባሩ ሙሉ ነው፣ ስልኩ ግን አይሠራም፦ የ2ጂ፣ የ3ጂና የ4ጂ ችግርና መፍትሄ ለደሴና ለኮምቦልቻ

ስልክ አስቸግሮዎት ጥገና ቤት ከመግባትዎ በፊት ስክሪኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ፊደል ይመልከቱ። አብዛኛው ሰው የሚያየው ባሩን ነው። ባር ግን የሚነግረን የታወሩ ሲግናል ስልኩ ጋ ምን ያህል ጎልቶ እንደደረሰ ብቻ ነው። ስልኩ የትኛው ትውልድ ላይ እንዳለ የምትናገረው ፊደሏ ናት። «ጂ» ወይም «ኢ» ከሆነች 2ጂ ላይ ነዎት። «3ጂ»፣ «ኤች» ወይም «ኤች+» ካለች 3ጂ ነው። «4ጂ» ወይም «ኤልቲኢ» ካለች ደግሞ 4ጂ።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ትውልዶቹ የተሠሩበት ዓላማ ስለሚለያይ ነው። 2ጂ (ጂኤስኤም) እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ሥራ ሲጀምር የድምፅ ኔትወርክ ነበር፤ ኢንተርኔቱ በኋላ የተቀጠለበት ነው። 3ጂ እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ሲጀምር ድምፅና ዳታን አብሮ ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ የተከፈተው 4ጂ ግን የዳታ ብቻ ነው፤ የቀደሙት ትውልዶች የሚደውሉበት የድምፅ መንገድ የለውም። እኛ ጋ ሞባይል አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999፣ 4ጂ የገባው ደግሞ በ2015 ነው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌው አልወረደም፤ አንድ ታወር ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ችግሮች ብዙዎቹ የሚፈጠሩት ስልኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ወይም መሻገር ሲያቅተው ነው።

ኢንተርኔቱ ይበራል፣ የሚደውልልዎት ሰው ግን «ስልክህ ዝግ ነው» ይልዎታል

ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ነው፤ ስልኩ «ኤልቲኢ ኦንሊ» (4ጂ ብቻ) ላይ ተቆልፏል። *#*#4636#*#* ብሎ ገብቶ ፍጥነት ለመጨመር መቆለፍ የተለመደ ነው። ፍጥነቱ ይገኛል፤ ጥሪው ግን ይቀራል። 4ጂ ላይ ያለ ስልክ ሲደወልለት ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ወርዶ ነው የሚያነሳው። መውረጃውን ዘግተውበታል፣ ስለዚህ ደዋዩ አያገኝዎትም።

መፍትሄው ሴቲንግ ውስጥ ሞባይል ኔትወርክ ገብቶ የኔትወርክ ዓይነቱን «4ጂ/3ጂ/2ጂ አውቶ» ማድረግ ነው። ስልክዎና ሲምዎ ቮልቲ (በ4ጂ መደወያ) የሚቀበሉ ከሆነ (እዚያው ሴቲንግ ላይ «ቮልቲ» ወይም «ኤችዲ ኮል» የሚል ማብሪያ ይኖራል) ያብሩት፤ ያን ጊዜ ድምፁም በ4ጂ ይሄዳል። ቮልቲ ቢበራም ግን አውቶውን አይንኩት፤ 4ጂ የማይደርስበት ሰፈር ሲገቡ ያስፈልግዎታል።

ስልክ ሲያነሱ ኢንተርኔቱ ይቆማል

ይህ ብልሽት አይደለም። ሲደወልልዎት ፊደሏን ልብ ብለው ይዩ፤ ስልኩ ከመጥራቱ በፊት «4ጂ» ትጠፋለች፣ ለአፍታ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ «ኤች» ወይም «ኢ» ትመጣለች። «ኤች» ከመጣች ዳታው ቀስ ብሎም ቢሆን ይቀጥላል። «ኢ» ከመጣች ወሬው እስኪያልቅ ዳታው ይቆማል፤ ተራ 2ጂ ስልክ ድምፅና ዳታ አንድ ላይ አይሸከምም። ጥሪው ካለቀ በኋላ ስልኩ በጥቂት ሰከንዶች ወደ 4ጂ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ኤርፕሌን ሞድ አብርተው 10 ሰከንድ ይቆዩና ያጥፉት። ፋይል እያወረዱ ጥሪ የሚረብሽዎት ከሆነ ቮልቲ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ቀፎው የ4ጂ ነው ተብሎ ተገዛ፣ ከ«ኤች+» ግን አያልፍም

እዚህ ላይ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከርካሹ ምክንያት ወደ ውዱ በቅደም ተከተል ይሂዱ።

መጀመሪያ ሴቲንጉ። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ላይ የኔትወርክ ዓይነት የሚመረጠው ለእያንዳንዱ ሲም ለየብቻ ነው፤ የአንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት ያጋጥማል።

ሁለተኛ የሲሙ ማስገቢያ ቦታ። በርከት ያሉ ርካሽና የቆዩ ባለሁለት ሲም ቀፎዎች 4ጂ የሚሰጡት ለአንዱ ሲም ብቻ ነው፤ ሌላው 2ጂ ወይም 3ጂ ላይ ይቀራል። የ09 እና የ07 ሲም አንድ ላይ የሚይዝ ሰው ዳታ የሚጠቀምበትን ሲም ሲም 1 ላይ አድርጎ ይሞክር። ሲያወጡት ወርቃማውን ፊት ይዩት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። በቢላ አይፋቁት።

ሦስተኛ ሲሙ ራሱ። ከዓመታት በፊት የወጣ ሲም 4ጂ ላይ ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ላይኖረው ይችላል። ሌላ ሰው 4ጂ የሚሠራለትን ሲም እርስዎ ስልክ ላይ ይሞክሩት፤ «4ጂ» ካለ ጥፋቱ የሲምዎ ነው። መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል ሄደው ቁጥርዎን ሳይለቁ ሲሙን ብቻ ያስቀይሩ። ስልክ ቁጥሮች ያሉት አሮጌው ሲም ላይ ከሆነ አስቀድመው ወደ ቀፎው ይገልብጧቸው፤ ከተቀየረ በኋላ አይገኙም።

አራተኛ ባንዱ፣ ማለትም ስልኩ የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ክልል። እያንዳንዱ 4ጂ ቀፎ ሁሉንም ፍሪኩዌንሲ አይሰማም። አገራችን ውስጥ 4ጂ ከተዘረጋባቸው ባንዶች ዋነኛው 1800 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም ባንድ 3 ነው። ወሎ የሚገባው ስልክ ብዙው ከሳዑዲና ከኤምሬትስ የሚላክ ነው፤ እነዚያም አገሮች ባንድ 3 ስለሚጠቀሙ በዚህ በኩል ስጋት የለም። ችግሩ ከአሜሪካ የሚመጣው ላይ ነው። ለአንድ ኩባንያ ተብለው የተሠሩ ርካሽ የአሜሪካ ቀፎዎች 2፣ 4፣ 5፣ 12፣ 66 እና 71ን ይዘው 3ን ሊተዉት ይችላሉ። ሞዴል ቁጥሩን «አባውት ፎን» ውስጥ ፈልገው ዝርዝሩን ኢንተርኔት ላይ ያረጋግጡ። ሳምሰንግ ከሆነ *#0011# ሲሉ አሁን የያዘውን ባንድ ያሳይዎታል። ባንድ 3 ከሌለው ፍላሽ ማድረግ አይረዳም፤ የጎደለው ሶፍትዌር ሳይሆን ቦርዱ ላይ ያለው ማጣሪያና ማጉያ ነው። «ፍላሽ አድርጌ 4ጂ አወጣልሃለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ብርዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።

«5ጂ» የሚል ቀፎ ይዘው 4ጂ ብቻ ካዩ ደግሞ ስልኩ ደህና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያዎ 5ጂ የበራበት ታወር የለም ማለት ነው።

አንድ ሁለት ባር አለ፣ ጥሪው ግን አይወጣም

ደሴ ለሬዲዮ ሞገድ አስቸጋሪ ከተማ ናት። የጦሳ ተራራ ከጎኗ ተጋርጧል፣ ሰፈሮቹ ሸንተረርና ገደል ላይ ናቸው። ገራዶ ወርደው ወይም ወደ ኩታበር አቅጣጫ ወጣ ብለው ሸንተረሩ ከኋላዎ ሲቀር ስልኩ ታወሩን ይሰማል፤ ታወሩ ግን ስልኩን አይሰማውም። ታወር ብዙ ዋት ያሰራጫል፤ ስልክ በ4ጂ የሚያወጣው ቢበዛ 0.2 ዋት ነው። በ2ጂ 900 ሜጋኸርዝ ግን ያው ስልክ ኃይሉን ሁሉ ሲያወጣ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ኮረብታን ከ1800ና ከ2100 በተሻለ ይዞራል።

ስለዚህ እዚያ አካባቢ ለመደወል ብቻ ከሆነ ኔትወርኩን «2ጂ ኦንሊ» ያድርጉት። ፈጣኑን ኢንተርኔት ያጣሉ፤ ጥሪው ግን ይወጣል። ባትሪዎም ይተርፋል፤ ስልክ ቶሎ ከሚያልቅባቸው ምክንያቶች አንዱ የሌለ 4ጂ ሲፈልግ መዋል ነውና። ከተማ ሲመለሱ አውቶ ማድረግ አይርሱ።

ሐረጎ ላይ ጥሪ ይቆረጣል

ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ስልኩ የሚቀጥለውን ታወር ለክቶ ለመሻገር ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ጠመዝማዛው ላይ ግን መኪናው እንደታጠፈ የቀድሞው ታወር ይጋረዳል። ለዚህ ስልኩ ላይ የሚሠራ ነገር የለም። አስፈላጊ ወሬ ካለ ከመውረድዎ በፊት ይጨርሱ፤ አለዚያ ኤስኤምኤስ ይላኩ። ኤስኤምኤስ ካልደረሰ ይጠብቃል፣ ጥሪ አይጠብቅም።

ደጅ አለ፣ ቤት ውስጥ የለም

ቆርቆሮ ሲግናል አያሳልፍም። ጭቃ ቤት በቆርቆሮ ክዳን ሲሆን ሲግናሉ የሚገባው በመስኮትና በበር ነው፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ግድግዳውም ክዳኑም ብረት የሆነ መጋዘን ውስጥ ደግሞ መግቢያ የለውም። ዋይፋይ ራውተር ካለዎት ታወሩ ወዳለበት መስኮት ያስጠጉት። ካልበቃ የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው ራውተር ይዘው አንቴናውን ጣሪያ ላይ ይስቀሉ። ሁለት አንቴና ከሆነ አንዱን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን 45 ወደ ግራ ያዘንብሉ፤ 4ጂ ሁለት የተለያዩ ሞገዶችን አብሮ ስለሚልክ ነው። ኬብሉ ላይ አይሰስቱ። ቀጭኑ አርጂ58 10 ሜትር ከሆነ ከ1800 ሜጋኸርዝ ሲግናል ከሦስት አራተኛ በላይ ይበላል፤ ወፍራሙ ኤልኤምአር400 በዚያው ርቀት የሚበላው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በቀጭን ኬብል ከሆነ ራውተሩን ወደ ጣሪያው አቅርበው ኬብሉን 2 ሜትር ማድረግ ይሻላል።

ያለ ፈቃድ የሚሸጥ «ቡስተር» (የሲግናል ማጉያ) አይግዙ። የውስጡና የውጩ አንቴና ከተቀራረቡ የራሱን ሲግናል መልሶ እያጎላ የሰፈሩን ሁሉ ኔትወርክ ያውካል።

ማታ ማታ ይንቀራፈፋል፣ መብራት ሲጠፋ ይብሳል

ባሩ ሙሉ ሆኖ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የሚዘገይ ከሆነ ታወሩ ላይ ሰው በዝቷል። 3ጂ ላይ ሲበዛ ሽፋኑም ይጠብባል፤ ዳር ላይ ያሉት ከነጭራሹ ይወጣሉ። 3ጂ ላይ ከሆኑ 4ጂ፣ 4ጂ ላይ ከሆኑ ደግሞ 3ጂ ላይ ለጊዜው ሞክሩ፤ አንዱ ባዶ ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያለቀ ታወር ይዘጋል፣ ተጠቃሚውም ወደ ጎረቤት ታወር ይጎርፋል። ቀኑን ሙሉ የሚዘገይ ከሆነ ግን ፓኬጁ አልቆ እንደሆነ መጀመሪያ ይዩ።

ደውለው ሲያመለክቱ

ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ሲደውሉ «ኔትወርክ የለም» ብቻ አይበሉ። ሰፈርዎን፣ ሰዓቱን፣ የነበረችውን ፊደልና የዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ቁጥሩን ይንገሩ። ቁጥሩ *#*#4636#*#* ውስጥ «ፎን ኢንፎርሜሽን» ላይ አለ። ሲያነቡት ትውልዱን አይርሱ፤ 4ጂ ላይ ከ95 ሲቀነስ (-95) ደህና ሲግናል ነው፣ 2ጂ ላይ ግን ያው ቁጥር ደካማ ነው። 4ጂ ላይ ከ-115 ወዲያ ካለፈ ከራውተሩም ከስልኩም ምንም አይጠብቁ።